ከጉድጓዴ አፍ አልነሳም

ከማሽላዬ ጉድጓድ አፍ ላይ ሊያስነሱኝ ልጄ ለመነኝ፣ ምራቴ አለቀሰችብኝ፣ ጎረቤቴ አፌዘብኝ፣ ሄሊኮፕተሩም ከላይ መጥቶ ነጠላዬን ሊገፈኝ ምንም አልቀረውም። አልተነሳሁም። በኋላ ግን ተነሳሁ። እስካሁን ደሜን የሚያፈላው መነሳቴ ሳይሆን ስመለስ ያየሁት ነው።

ነገሩ የጀመረው ቀበሌ ስብሰባ የጠራን ቀን ነው። እኛ ያለነው ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ስብሰባ ብርቃችን አይደለም። ሄደን ጥላ ፈልገን እንቀመጣለን፣ ሲያልቅ አቧራችንን አራግፈን እንመለሳለን። የዚያን ቀን ግን ከወልድያ አንድ ልጅ መጣ፤ ዮናስ ይባላል። ጫማው አቧራ በነካው ቁጥር ጎንበስ ብሎ በሶፍት የሚጠርግ ልጅ ነው። ድንጋይ ለሚፈልግ ኩባንያ ነው የሚሠራው፤ ሥራው ደግሞ ለእኛ መናገር ነው።

«ሄሊኮፕተር ይመጣል» አለ። «ከሥሩ ትልቅ ቀለበት አንጠልጥሎ፣ ዝቅ ብሎ እየተመላለሰ ይበራል። እንዳትደነግጡ። የምንፈልገው ግራፋይት የሚባል ማዕድን ነው። ልጆቻችሁ በሚጽፉበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር እሱ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪም ይፈለጋል።»

«እርሳስ ፍለጋ ነው ሰማይ ለሰማይ የምትዞሩት?» አልኩት። «መርሳ ሱቁ ሁሉ ሞልቶ የለም እንዴ!»

ሰው ሳቀ። ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ። ወንድ ልጅ ከተሳቀበት ደግሞ መፎከር ይወዳል። «እማማ፣ ቀላል ነገር እንዳይመስልዎት» አለኝ። «መሬቱን ሳይቆፍር ውስጡን ያያል። መቶ ሜትር፣ ሁለት መቶ ሜትር ቢቀበር እንኳ አያመልጠውም። ከመሬት በታች ያለውን በሙሉ አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያወጣዋል።»

ከመሬት በታች ያለውን በሙሉ! ይህ ለእኛ ለሀብሩ ወረዳ ሰው የሚነገር ነገር ነው? የወልድያ ልጅ ሆኖ፣ እዚህ አፍንጫው ሥር አድጎ፣ የሀብሩ ሰው ከመሬት በታች ምን እንዳለው እንዴት አያውቅም?

እኛ ማሽላችንን የምናኖረው መሬት ውስጥ ነው። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ሰው ቆሞ የሚሠራበት ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ግድግዳው በእበት ይለቀለቃል፤ ወለሉ ላይ ገለባ ይነጠፋል። ታኅሣሥ ላይ ማሽላው ይገባና አፉ በአገዳና በጭቃ ይደፈናል፤ ከላዩ አፈር ይመለስበታል። ሐምሌና ነሐሴ፣ የሰው ጎተራ ሁሉ ባዶ ሲሆን፣ ያኔ ይከፈታል። ካለ ጊዜው ተከፍቶ የበልግ እርጥበት ከነካው ይሻግታል። አውጥተው ጆንያ ውስጥ ካቆዩት ደግሞ ነቀዝ ዱቄት ያደርገዋል። ጉድጓዱ የት እንዳለ የሚያውቀው የቤቱ ሰው ነው። ጎረቤት ቢያውቅ እንኳ እንዳላወቀ ሆኖ ያልፋል። የሰው ጉድጓድ አይጠየቅም፤ ነውር ነው።

በጦርነቱ ጊዜ የመጡት ናቸው የጠየቁት። ፌሮ ይዘው ግቢ ለግቢ እየዞሩ መሬቱን ይወጉት ነበር። ፌሮው የላላ አፈር ሲያገኝ ቆፍረው ያወጣሉ። የአገሩ ሰው ያን ዓመት ሐምሌን እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ፌሮ በዓይኑ ያየ ሰው፣ አሁን ከሰማይ ሆኖ በሙሉ የሚያይ መጣልህ ሲሉት ምን ያስብ?

ከስብሰባው ስንወጣ ስለ ጉድጓድ ቃል የተናገረ የለም። ነውር ነዋ። ሁሉም የሚያወራው ስለ በልጉ ዝናብ ነው፤ ልቡ ግን ጓሮው ውስጥ ነው። የመርሳ ገበያ ቀን ሲደርስ ወሬው ክንፍ አውጥቶ ጠበቀን። እህል የተገኘበት ሰው ከእርዳታ ይሰረዛል ተባለ። ግብሩም በጉድጓዱ ልክ ይሆናል ተባለ። ሐራ በኩል ሄሊኮፕተሩ የአንዱን ጉድጓድ አይቶ ነገረበት ተባለ። ማን አየ? ማን ሰማ? ጠያቂ የለም።

ልጄ ካሳሁን ከገበያው እንደተመለሰ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሲፈራ እንደ አባቱ አንገቱን ያካል።

«እማ፣ እናውጣው» አለኝ።

«ምኑን?»

«አንቺ ደግሞ፣ ታውቂው የለ?»

«ስሙን ጥራዋ! አፍህ ያልደፈረውን እጅህ ሊደፍረው ነው?»

«ሰው ሁሉ እያወጣ ነው እኮ።»

«ሰው ሁሉ ይበድ። አንተ የደሳለኝ ልጅ ነህ። አባትህ ያን ጉድጓድ ሲቆፍር ድንጋይ አጋጥሞት እጁ ደም በደም ሆኖ ነው የጨረሰው። ለወሬ ይከፈት ብሎ አይደለም።»

ምራቴ ማህሌት ከጓዳ ወጣች። ማህሌት ደግ ልጅ ናት፤ ግን ስልክ ላይ ያነበበችውን ሁሉ ታምናለች። «እማማ፣ ከእርዳታ ብንሰረዝስ?» አለችኝ። «ልጆቹስ?»

«እርዳታው ባለፈው መቼ መጣ?»

«... አልመጣም።»

«ካልመጣ ነገር ላይ ነው የምትሰረዥው?»

ማልቀስ ጀመረች። እኔም እነዚህን ሁለቱን ሳያቸው ልቤ አላመናቸውም። ገበያ ብሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ብሳለም፣ መለስ ስል ከፍተው እንደሚጠብቁኝ አወቅሁት። በርጩማዬን አንስቼ ጓሮ ሄድኩና ጌሾው ሥር፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ምስር በሰፌድ ይዤ መልቀም ያዝኩ፤ ላየኝ ሰው ምስር ለቃሚ ነኝ።

አያ ሙሄዲን ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ብቅ አለ። ጎረቤቴና የሟች ባሌ ጓደኛ ነው፤ አብረን አርጅተናል። ቅሬያችን፣ የለቅሶ እድራችን ማለት፣ አንድ ነው፤ እሱ ሞቶ እኔ ብተርፍ ለለቅሶው ውኃ የምቀዳው እኔ፣ እኔ ብቀድም መቃብሬን የሚያስቆፍረው እሱ። ምላሱ ግን እንደኔው ነው።

«አንቺ ይታገሱ» አለኝ ስሜን ጠርቶ፣ «ምስር ለመልቀም ከዚህ ሌላ ቦታ አጣሽ?»

«ጥላው ተመቸኝ።»

«ጥላው ወዲያ ነው፣ አንቺ ያለሽው ፀሐይ ላይ ነው። ወላሂ፣ ሄሊኮፕተሩ እንኳ አያስፈልግም። አንቺን ያየ ሁሉ ነገሩ የት እንዳለ ያውቀዋል!»

«የሰው ጉድጓድ ልትጠይቅ? ነውርህን የት ቀበርከው አንተ ሰውዬ?»

ሳቀና ወደ አጥሩ ጠጋ አለ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኛ ነገ በጠዋት እናወጣዋለን። ኢሕሳን ይገባል።»

ኢሕሳን ልጁ ነው፤ ገና ባለፈው ዓመት ያገባ።

«ሳይተነፍስ?» አልኩት። ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። ጉድጓድ ሲከፈት ያደረ አየር አለው፤ ሰው ይገድላል። ተከፍቶ ይዋል ይባላል፤ ከዚያ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል፤ ኩራዙ ከጠፋ ማንም አይገባም።

«እሱ ሳይመጣ መጨረስ አለብን» አለ ወደ ሰማይ እያየ። «ጊዜ የለም።»

«ጊዜ የለም! ስንት ዘመን የኖርክበትን መሬት ዛሬ ጊዜ አጣህበት? አትክፈተው ሙሄዲን። ቢያይ ይይ! እህል አለኝ፣ ዘርቼ ያበቀልኩት ነው በለው!»

«አንቺ ደፋር ነሽ፣ እኔ የልጅ ልጅ አለኝ» ብሎኝ ሄደ። እኔ የልጅ ልጅ የለኝ ይመስል!

በማግሥቱ ጠዋት መጣ። ድምፁ የተሰማው በመርሳ በኩል ነው። ከዚያ ከኮረብታው ጫፍ ሄሊኮፕተሩ ብቅ አለ፤ ከሥሩ የሠርግ ዳስ የሚያህል ቀለበት በገመድ ተንጠልጥሏል። አካሄዱ እንደ አራሽ ነው። አንድ ትልም ያወጣና ጫፍ ሲደርስ ዞሮ ከጎኑ ሌላ ትልም ያወጣል። በእኔ ማሳ ላይ፣ በእኔ ቤት ላይ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ያርሳል። ዶሮዎቹ አልጋ ሥር ገቡ። የሙሄዲን አህያ ካስማዋን ነቅላ ሸሸች። ልጆች ጆሯቸውን ይዘው መሬት ላይ ተኙ፤ ያን ማን እንዳስተማራቸው እናውቃለን። እሱን ሳይ ደሜ ፈላ። በርጩማዬ ላይ እንዳለሁ እጄን ወደ ላይ አነሳሁ።

«ቁልቁል ምን ታያለህ?» አልኩት። «እንደ ሰው ውረድና በር አንኳኳ!»

ቀለበቱ በላዬ አለፈ። ነጠላዬን በጥርሴ ያዝኩት። አልተነሳሁም።

ገና ድምፁ ሳይርቅ ከሙሄዲን ግቢ ጩኸት ተነሳ። የለቅሶ ጩኸት ሳይሆን ሰው ሊሞት ነው የሚባልበት ጩኸት ነው፤ ልዩነቱን የኖረ ሰው ያውቀዋል። «ኢሕሳን! ኢሕሳን!» ይላሉ። ምስሩን በተንኩት፤ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ሮጥኩ። ያረጀ ሰው አይሮጥም የሚል ካለ እኔን አላየኝም።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ሴቶቹ ፊታቸውን ይቧጭራሉ። ኢሕሳን ገብቶ ሁለተኛውን ጆንያ ሲሞላ ዝም ብሏል። ሙሄዲን ጋቢውን ጥሎ ሊገባ እግሩን ከቷል። ከኋላ መታጠቂያውን ይዤ ጎተትኩት።

«ልቀቂኝ! ልጄ ነው!»

«ልጅህ መሆኑን አጣሁት? አንተም ገብተህ ሁለት እንቅበር? ተነስ ከዚያ!»

ካሳሁን መጫኛ ይዞ ደረሰ። የተሰበሰቡት ወንዶች ገመዱን ከወገቡ ላይ አሰሩት። የገዛ ልጄን ነው የሚያስሩት። ሌላ ሰው ግባ ልበል? የማን ልጅ ግባ ልበል? ቋጠሮውን በእጄ ሳብ አድርጌ አየሁና «ትንፋሽህን ይዘህ ግባ» አልኩት። «እዚያ ውስጥ ልትተነፍስ ካሰብክ ግን የጠባኸው ጡቴ ይፍረድብህ።»

ገባ። ገመዱን ይዘን ቆምን። ሙሄዲን ከጎኔ ያሲን ይቀራል፤ እኔ እመቤቴን እጣራለሁ፤ ማን ቀድሞ እንደተሰማ እንጃ። ገመዱ ተነቀነቀ። ሳብን። ካሳሁን ኢሕሳንን በብብቱ ይዞ ወጣ፤ እሱ ራሱ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ኢሕሳንን አየር ላይ አጋደምነው፤ ፊቱ ላይ ውኃ ደፋንበት፤ ደረቱን መታነው። ቆይቶ፣ እናቱ ድምፅዋ ሊዘጋ ሲል፣ አስነጠሰውና አስመለሰው። ባጃጅ ተጠርቶ ወደ መርሳ ወሰዱት። ሄሊኮፕተሩ እንደሆነ ምኑም አይደለም፤ ከላያችን ሌላ ትልም እያወጣ ነበር።

ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ጓሮ ስደርስ በርጩማዬ ተገልብጧል። ማህሌት ዶማ ይዛ ቆማለች። የጉድጓዴ አፍ ተከፍቷል። ጭቃው ተፈርክሷል፤ አገዳው ወዲያ ተጥሏል፤ ማሽላዬ ራቁቱን ወደ ሰማይ ያያል።

ጎንበስ ብዬ ከአፉ አንድ እፍኝ ማሽላ ዘገንኩ።

«እማማ» አለችኝ፣ «ለልጆቼ ብዬ ...»

«ለልጆችሽ ብለሽ የልጆችሽን ሐምሌ ከፈትሽው!» አልኳት። «የሰው ልጅ እዚያ ሊሞት እኔ ስሮጥ፣ አንቺ ዶማ ፍለጋ ሮጥሽ?»

«አይቶት ሲያልፍ አየሁት እኮ፣ በላዩ ሲያልፍ ቀጥ አለ ...»

«ቀጥ ይበል! ቢፈልግ ይረፍበት!»

በወልድያ በኩል ደመናው ጠቁሮ ነበር። ካሳሁን መጥቶ ሲያይ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሚስቱን አልተቆጣም፤ እኔንም አላጽናናኝም። አባቱም እንዲህ ያለ ወንድ ነበር። ላስቲክ አለበስነው። የበልጉ ዝናብ ደግሞ ላስቲክ አያውቅም፤ አመሻሹን ወረደና በጎን ገባ። ከአፉ ያለው ማሽላ ርሶ አደረ። ሲነጋ ያደረውን አየር አስወጥተን፣ ኩራዝ አውርደን፣ እስከ ታች አወጣነው። የራሰው ለከብት ሆነ። የቀረውን አውድማ ላይ አስጥቼ ከወፍና ከፍየል ጋር ስጣላ ሰነበትኩ። ከማህሌት ጋር አልተነጋገርኩም። ምግብ ታቀርብልኛለች፤ እበላለሁ፤ አላመሰግናትም። መንደሩም እንደዚያው ነው፤ ሁሉም ቤት ውስጥ ጆንያ ተደርድሯል፤ ሁሉም ነቀዙን እያሰበ ነው።

ኢሕሳን ከመርሳ ሲመለስ ለጥየቃ ሙሄዲን ቤት ተሰበሰብን። ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ይስቃል፤ ግን ቃል ይጠፋበታል። እዚያ እያለን መኪና ቆመ። ዮናስ ነው። የሆነውን ሰምቶ ነው የመጣው፤ ያን ቀን ጫማውን አልጠረገም። «አላህ ያሽርህ» አለው ኢሕሳንን፤ አንገቱን ደፍቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ግባ ያለው የለም። እኔ ግን ጠየቅሁት።

«አንተ ልጅ፣ ማሽላ ያያል ወይስ አያይም?»

«አያይም እማማ።»

«ኢሕሳን እንዲሰማ ጮክ በል።»

«አያይም!» አለ። «ማሽላ አያይም፣ ጉድጓድ አያይም። ቀለበቱ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይልክና መሬቱ የሚመልሰውን ያዳምጣል። ግራፋይት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ይመልሳል። እህል ምንም አይመልስም።»

ሙሄዲን ከመደቡ ተነሳ። «ታዲያ በሙሉ ያልከን?» አለው። «ከመሬት በታች ያለውን በሙሉ ያልከን?»

«እንዲገባችሁ ብዬ ነው አያ ሙሄዲን።»

«ገባን» አለው ሙሄዲን። «ልጄም ገባ።»

ዮናስ እንባው መጣ። እኔ ግን የሱ እንባ አላጠገበኝም፤ ሌላ ነገር ነው ያሰብኩት። እንዴት እስከዚያ ቀን እንዳልጠየቅሁት ገረመኝ።

«ድንጋዩ ቢገኝስ?» አልኩት።

«ከተገኘ ... መጀመሪያ በመሰርሰሪያ ይረጋገጣል። ከዚያ ፈቃድ አለ፣ ከዚያ ቁፋሮ ነው።»

«የት ላይ ነው የሚቆፈረው?»

«የተገኘበት ላይ ነዋ።»

«እኔ ጓሮ ቢገኝ? ሙሄዲን ማሳ ላይ ቢገኝ?»

መሬት መሬቱን አየ። «ካሳ ይኖራል እማማ። ምትክ መሬትም ይታሰባል። ገና ምንም አይታወቅም። ውጤቱ የሚታየው አዲስ አበባ ነው፣ እኔ እንኳ አላየሁትም።»

እኛ ማሽላ ስንደብቅ፣ ልጅ ልንቀብር ስንል፣ እሱ የሚፈልገው ለካ ማሽላው ያለበትን መሬት ነው! ለእህሉ ፈርተን አወጣነው፤ ለመሬቱ ማንም አልፈራም። እኔም ጭምር! በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሰማይ ላይ እየጮህኩ፣ አፌን ሞልቼ መጠየቅ የነበረብኝን አንድ ነገር ሳልጠይቅ ከረምኩ። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

«ና ውጣ» አልኩት ዮናስን።

«የት?»

«ጫማህን አውልቅ።»

ጓሮዬ ወሰድኩት። ጉድጓዱ ደርቆ ነበር፤ ገለባ አንድደን አጭሰነዋል። ኩራዙን ዓይኑ እያየ አወረድኩት፤ ሳይጠፋ ወጣ። ከካሳሁን ጋር እበቱን አስይዤ አስገባሁት። ያ የሰው ደሞዝተኛ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ግድግዳዬን ሲለቀልቅ ዋለ። ደህና ለቅላቂ አይደለም፤ «እዚያ ጋ ሳሳ!» እያልኩ ከላይ እጮሃለሁ፤ «እሺ እማማ» ይላል ከታች። ሲወጣ የሚበላ ሰጠሁት። በላ። ውኃም አስታጠብኩት። ያን ያህል ክፉ አይደለሁም። ይቅርታውን ግን አልተቀበልኩትም፤ ይቅር የሚለው ኢሕሳን ነው፣ ቃሉ ሲመለስለት።

ማሽላው ደርቆ ነበርና አስገባነው። ሙሄዲን አጥሩ ላይ ተደግፎ ያያል።

«ይታገሱ፣ መልሰሽ ልትቀብሪው?» አለኝ። «ነገ መሰርሰሪያ ይዘው ቢመጡስ?»

«ይምጡ! ድንጋያቸው ከሥር ከሆነ ማሽላዬ ከላዩ ነው። ሐምሌ ሳይደርስ ለማንም አልከፍትም። የፈለገ ተራውን ይጠብቅ።»

«መንግሥት ቢያዝሽስ?»

«በርጩማው አለ።»

አልሳቀም። «የኛንም ነገ እናስገባው» አለ። «ለካሳሁን ንገሪልኝ። ኢሕሳን ጉልበት የለውም።»

«ለካሳሁን አንተው ንገረው፣ አፍ አለህ» አልኩት። ከዚያ አገዳው ተረበረበ፤ ጭቃው ተደፈነ፤ አፈሩ ተመለሰ። ማህሌት ከቤቱ ጥግ ቆማ ታያለች፤ ሕፃኑን አዝላለች፤ መቅረብ ፈርታለች።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አልኳት። «ነይ ርገጭው። የከፈትሽው አንቺ ነሽ፣ አጥብቀሽ ርገጭው።»